ግማሽ ክኒንና ሙሉ ጥርጣሬ

ሥራዬ መጠርጠር ነው። አሰላ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ ቆሜ፣ የገበሬ ማኅበራት ጭነው ለሚያመጡት ስንዴና የቢራ ገብስ ደረጃ እሰጣለሁ። እጄ ላይ ሹል የብረት ቱቦ አለ። ጆንያውን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች እወጋውና በቱቦው የሚወርደውን ፍሬ መዳፌ ላይ አድርጌ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ በጥርሴ እሰብራለሁ። ከላይ የተለቀመ ስንዴ አድርጎ ከታች እርጥቡን ከነአፈሩ የሚያሽግ ስንቱን አይቻለሁ! አፉ ማር የሆነ ሰው ሲመጣ ጆንያውን ሁለት ጊዜ ነው የምወጋው። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ፤ ማንም «አመመሽ ወይ?» ብሎኝ አያውቅም።

ይሄን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ እናንተም «ሴትዮዋ ድሮም ተጠራጣሪ ናት» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። ነኝ፤ አልክድም። ያንገበገበኝ ግን ያንን ጥርጣሬዬን በሽታ ብለው ክኒን ሲጨምሩበት ነው።

ክኒኑ የድብርት ነው። ዘጠኝ ዓመት ወስጄዋለሁ። አንድ ክረምት፣ ጭላሎ ተራራ ጉም ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ባልታየበት ጊዜ፣ እኔም ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አልወጣ አልኩ። ምክንያት አልነበረውም። ሰው ግን ምክንያት አያጣም፤ ዓይን ነው ተባለ፣ መተት ነው ተባለ፣ ገበሬዎቹ ረግመዋት ነው ያለም ነበር። ታላቅ እህቴ ናት ከሲሬ ድረስ መጥታ፣ ጫማዬን ራሷ አጥልቃልኝ፣ እየተሳደበች ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። እትዬ ነበር የምላት። በአሥራ ሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሲሬ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበራት፤ ምላሷ ግን ከሱቋ ይሰፋል።

መድኃኒቱን አላማም። ከአልጋ አንስቶ መጋዘኑ በር ላይ መልሶ ያቆመኝ እሱ ነው፤ ውለታው አለብኝ። ግን እያደር እንባዬን አደረቀው። ደስታዬንም ሐዘኔንም እኩል ደልድሎ አስቀመጠው። እናታችን የሞተች ጊዜ ለቅሶው ላይ እንደ ግንድ ነው የተቀመጥኩት። ሰው ደረቱን እየመታ ያለቅሳል፣ እኔ የድንኳኑ ገመድ የት እንደታሰረ አያለሁ። እትዬ በነጠላዋ ስር እጇን ሰዳ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «አልቅሺ እንጂ አንቺ! ሰው እያየን ነው» አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። ምን ላድርግ? ቁንጥጫው አመመኝ፤ እንባው ግን የለም። ከለቅሶው በኋላ «ልጅቷ ለእናቷ እንኳ እንባ ነፈገች» ተብሎ ወሬው ሰፈሩን ዞረ።

ካመት በኋላ ይመስለኛል፣ እትዬ በሳቅ አስመስላ «እኔ ስሞትም እንዲህ ደርቀሽ ልትቀመጪ ነው?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሐኪሙን «ከዚህ ክኒን መውጣት እፈልጋለሁ፣ እንደ ሰው ማልቀስ እፈልጋለሁ» ያልኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ትሁት ነው፤ እርስዎ እያለ ነው የሚያናግረኝ። «ይቻላል» አለኝ፣ «ግን በአንዴ አይተውም። ዘጠኝ ዓመት ሰውነትዎ ውስጥ የኖረን ነገር በአንድ ቀን ውጣ ቢሉት ቤቱን አፍርሶ ነው የሚወጣው። በየጊዜው ሩብ ሩብ እየቀነስን፣ ሰውነትዎ ሲለምድ ደግሞ እንደገና እየቀነስን እንሄዳለን።» ቀጥሎ ወደ ባለቤቴ ዞረ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ አስተማሪ ነው። ሐኪሙ እሱን ታዛቢ አድርጎ ሾመው። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከቀረ፣ ንዴት ከበዛ፣ «በተለይ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚዶልትባቸው ከመሰላቸው» ቶሎ ይንገሩኝ አለው፤ ያኔ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ባለቤቴ የመንግሥት ምስጢር እንደተሰጠው ሰው ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ደብተር ገዝቶ ገባ።

ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ድስት መክደኛ ላይ አድርጌ በምላጭ እቆርጠዋለሁ። መጀመሪያ ሩቡ ተቀነሰ። ራሴን ድንገት ዞር ካደረግኩ ውስጡን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይነዝረኝ ጀመር። ሕልሜ በዛ። ንዴቴ ተመለሰ፤ ሚዛን ከሚይዘው ባልደረባዬ ጋር በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተጣላሁ። ሐኪሙ «ያልፋል፣ ይታገሱት» አለ፤ እውነትም አለፈ። ግማሽ ላይ ስደርስ ሽታ ተመለሰልኝ። አዲስ የተወቃ ገብስ ምን ምን እንደሚል ረስቼው ነበር እኮ!

አንድ ቀን መጋዘኑ በር ላይ አንዲት አህያ ከነጭነቷ ወደቀች። ጭነቱን አውርደው ሲያነሷት ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። እኔ ቱቦዬን እንደያዝኩ እንባዬ ዱብ አለ። አንድ ጠብታ ነው፤ ግን የኔ ነው። ወዲያው ለእትዬ ደወልኩላት።

«አለቀስኩ!»

«ማን ሞቶ?» አለች ደንግጣ።

«አህያ ወድቃ።»

ሱቋ ውስጥ ገበያተኛ ቆሞ ሳለ በሳቅ ፈረሰች። «ዘጠኝ ዓመት ቆይተሽ ለአህያ? እሰይ! በርቺ፣ በዚሁ ከቀጠልሽ ወደ ሰው ትደርሺያለሽ» አለችኝ። ድምፅዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ያኔ ግን አላወቅኩም።

እትዬ ሁልጊዜ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውልልኛለች። ቀጥሎ ባለው እሁድ አልደወለችም። እኔ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ባለቤቴን ብጠይቀው «ውሃ ውስጥ ወድቆባት ነው አሉ፣ ሊጠገን ሰጥታዋለች» አለኝ። አሉ? ማን አለ? አንተ ከእህቴ ሱቅ ጋር መቼ ነው የምትገናኘው? አልኩት። ደብተር ማረም አለብኝ ብሎ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ አልጥመኝ አለ። ባለቤቴ ስልክ ሲያወራ ድሮ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የሚጮኸው፤ አሁን ስልኩ ሲጠራ ጓሮ ወጥቶ ቧንቧው ጋ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይንሾካሾካል። «አዳማ የመምህራን ሥልጠና አለብኝ» ብሎ ሁለት ቀን ቆይቶ መጣ። ሲመለስ ጺሙ አድጓል፣ ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሏል፣ ጫማው አቧራ ነው። «ሥልጠናው ሜዳ ላይ ነው እንዴ? ምላጭስ የለም?» አልኩት። «ውሃ ጠፍቶ ነው» አለ። ሂሳብ አስተማሪ ውሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሴት ነው። ምን ላድርግ፣ ባል ጓሮ ሲንሾካሾክ ሌላ ምን ይታሰባል? ኪሱን ፈተሽኩ፤ ጠመኔ ብቻ ነው ያለው። ቀጥሎ ክኒኑን ጠረጠርኩ። ፋርማሲው የሰጠኝ ድሮ ነጭ ክብ ነበር፤ አሁን ሞላላ ሆኖ ቢጫ ነገር መጣ። «የሌላ ፋብሪካ ነው እንጂ ያው ነው» አለችኝ ባለሙያዋ። በጥፍሬ ፋቅኩት፣ ሰብሬ አየሁት፣ ምላሴ ላይ አደረግኩት። ብልቃጡን ደግሞ ባለቤቴ እየከፈተ እንደሚቆጥረው ደረስኩበት፤ ክዳኑን ሁልጊዜ ካጠበቅኩት በላይ አጥብቆ ነው የሚመልሰው።

ሰውም ጠባዩን ለወጠብኝ። የሰፈሩ ሴቶች እኔ ስደርስ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ሚዛን የሚይዘው ባልደረባዬ የምለውን ሁሉ እሺ ይለኛል፤ ከሱ እሺ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። የእትዬ ልጅ ደወለና «አክስቴ፣ እማዬ ሰላም ብላሻለች» አለኝ። እትዬ ሰላም ብላኝ አታውቅም! የእሷ ሰላምታ «አለሽ ወይ አንቺ ጉደኛ» ነው። «የት ናት?» ስለው «ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» አለኝ። ጉልበቷን ያማታል፤ ሱቋ በር ላይ ያለውን ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ የምታርፍ ሴት ናት። የትኛው ተራራ ላይ ወጥታ ነው ጠበል የምትገባው? ሲሬ እሄዳለሁ ብዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ «በዴራ በኩል መንገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ» አለ። መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅኩ፤ መኪናው እንደ ወትሮው ይሄዳል። ቅዳሜ ልሄድ ስል ባለቤቴ ትኩሳት ያዘው። ግንባሩን ብነካው ከኔ ይቀዘቅዛል።

የሐኪም ቀጠሮዬ ደረሰ። ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኩት፤ ጓሮውን፣ ጺሙን፣ ጠበሉን፣ ቢጫውን ክኒን። ስናገር ራሴን ሰማሁት። እውነት ለመናገር፣ እኔም ሐኪም ብሆን ያቺን ሴት አመማት ነው የምለው። ሐኪሙ በደንብ አዳመጠኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ «ቤት ውስጥ ከሳቸው የተደበቀ ነገር አለ?» አለው። ቀጥታ ነው የጠየቀው፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ባለቤቴ ጫማውን አየ። ጆሮው ቀላ። «የለም፣ ዶክተር» አለ።

ሐኪሙ ወደ ሦስት አራተኛው መለሰኝ። «ሽንፈት አይደለም፣ ትንሽ አርፈን እንደገና እንጀምራለን» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ባለቤቴ ክንዴን ሊይዘኝ ፈለገ፤ ነጠቅኩት። ያንን ሩብ ለመቀነስ ስንት ጠዋት ራሴን እየነዘረኝ፣ እየተናደድኩ፣ እየታገስኩ ነበር የመጣሁት። አሁን መለሰኝ። እንባዬ ሊርቀኝ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈራሁ። ምናልባት እውነታቸውን ቢሆንስ? ምናልባት ጭንቅላቴ ነው የሚያታልለኝ? ሰው እጁን ባያምን በዓይኑ ያያል፤ ጭንቅላቱን ካላመነ በምን ያየዋል?

ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። ሲሬ መሄዱንም ተውኩት። ሄጄ እትዬ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ «ምን ሆነሽ መጣሽ አንቺ?» ብትለኝ፣ ባለቤቴ ደብተሩ ላይ ይጽፋታል፣ ሐኪሙም ወደ ሙሉው ይመልሰኛል። ጥርጣሬዬን በአፌ ባወጣሁ ቁጥር ክኒን ይጨመርብኛል። ስለዚህ መጠርጠሬን ደበቅኩ። ባለቤቴ «እንዴት ዋልሽ?» ሲለኝ «ደህና፣ ጥሩ ነኝ» እላለሁ። እሱ ይዋሸኛል፣ እኔም እዋሸዋለሁ፤ ሁለታችንም በጣም ጨዋ ሆንን።

አንድ ማክሰኞ ከሲሬ ወገን ስንዴ የጫነ አይሱዙ መጣ። ከጭነቱ ጋር ሁልጊዜ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አሉ። የእትዬ ሱቅ ደንበኛ ናቸው። ከኔ ጋር ደግሞ ደመኛ ነን ማለት ይቻላል፤ ደረጃ በሰጠሁ ቁጥር «አይ ልጄ፣ ዓይንሽን ብትታከሚ ይሻልሻል» እያሉ መጋዘኑን የሚያናውጡ ሰው ናቸው። ያን ቀን ስንዴያቸውን ወግቼ አየሁት፤ ሦስተኛ ነው። ለጠቡ ተዘጋጅቼ «ሦስተኛ ደረጃ» አልኩ።

«እሺ ልጄ» አሉኝ።

እሺ? ቀና ብዬ አየኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። እጄን ከነቱቦው በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ቶሎም አልለቀቁኝም። «ጀባዱ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ በርቺ ማለታቸው ነው። ዓይናቸው ውሃ አቅርሯል።

እኔ ምን አሰብኩ? አታለሉኝ! ከታች የሆነ ጉድ አሽገው ነው እንጂ እኚህ ሰው ሦስተኛ ተብለው ዝም አይሉም። ጭነቱ በሙሉ ይውረድ አልኩ። የጉልበት ሠራተኞቹ አጉረመረሙ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ተቆጧቸው፤ ተዉአት፣ የፈለገችውን ታድርግ አሏቸው። እያንዳንዱን ጆንያ ወጋሁ። ከላይ፣ ከታች፣ ከጥጉ። ፀሐዩ ከረረ፣ እጄ ደከመ። ከላይም ሦስተኛ፣ ከታችም ሦስተኛ፤ ንጹሕ፣ ሐቀኛ ሦስተኛ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ይጠብቁኛል።

ሌባ ቢሆኑ በወደድኩ። ማጭበርበር ካልሆነ ይሄ ሰው ያዘነልኝ ነው። እና ለምንድን ነው የሚያዝንልኝ?

ቱቦውን ለባልደረባዬ ሰጥቼ በባጃጅ ወደ ሰፈሬ ሄድኩ። ቤቴ አልገባሁም፤ ጎረቤቴ ጋ ነው የገባሁት። ጎረቤቴ ጨርቃ ጨርቅ የምትነግድ የእስላም ሴት ናት፤ ልጆቻችን አንድ ላይ አድገው አንድ ላይ ነው ከቤት የወጡት፤ በአጥራችን መሃል የተቆረጠች መሹለኪያ አለችን። ሰሞኑን ግን መሹለኪያዋን ረስታዋለች። ጨርቅ እያጣጠፈች አገኘኋት። ሳታየኝ በፊት በሩን ዘጋሁት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አልኳት። «ከኔ የተደበቀ ነገር አለ?»

«ምን ይደበቃል እህቴ? አብሽሪ፣ ደህና ነው ሁሉም» አለች፤ ጨርቁን ደግማ ማጣጠፍ ጀመረች።

«ወላሂ በይ።»

ይቺ ሴት ለጨርቅ ጥራት በቀን አርባ ጊዜ ወላሂ የምትል ናት። «ለእንዲህ ያለ ነገር ወላሂ አይባልም» አለችኝ።

«ለምን አይባልም? የተደበቀ ከሌለ በይልኝ። በዚች አንዲት ቃል እኔ አሁኑኑ አብጃለሁ ብዬ ቤቴ እገባለሁ፣ ክኒኔንም ሙሉውን እውጣለሁ። በይልኝ!»

ጨርቁን ፊቷ ላይ አደረገችው። «ተይኝ፣ በአላህ ተይኝ፣ ሥራ አለኝ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አልተከተልኳትም። የምፈልገውን አግኝቻለሁ። አላበድኩም። ወደ ቤቴ ስሄድ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። አላበድኩም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው፤ አለማበዴን ጠላሁት።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ያን ዕለት ማታ ጎረቤቴ ባለቤቴን በአጥሩ ጠርታ ተቆጥታዋለች። «እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በሰዓቱ ነው የሚነገረው። እኔ ከዚህ በላይ ውሸት አልሸከምም። ነገ ካልነገራችኋት እኔ እነግራታለሁ» ብላዋለች።

በማግስቱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። ባለቤቴ ለባብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የብዙ ሰው እግር ሰማሁ፣ ማንም ግን አይናገርም። እንዲህ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ ሰው ለአንድ ነገር ነው የሚመጣው፤ ለመርዶ። የእድራችን ዳኛ ቀድመው ገቡ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ የእትዬ ልጅ። ራሱን ተላጭቷል። ልብሱ ጥቁር ነው፤ ጥቁሩም አዲስ አይደለም፣ ታጥቦ ታጥቦ ነጣ ብሏል።

«እትዬ ናት?» አልኩ። ማንም አፉን ሳይከፍት።

ዳኛው «ልጄ፣ የማይቀር ነው…» ብለው ጀመሩ። የቀረውን አልሰማሁትም። እንባዬ መጣ። እሪ አልኩ። እትዬን ጠራኋት። አዝላ ያሳደገችኝን፣ ጫማዬን ያጠለቀችልኝን፣ የሰደበችኝን ሁሉ እየጠራሁ አለቀስኩ። የኔ ድምፅ መሆኑን እየሰማሁ አላመንኩም። ሦስት አራተኛ ክኒን አላቆመውም፤ ሙሉውም አያቆመው ነበር።

ትንፋሽ ሳገኝ የእትዬን ልጅ «መቼ ነው?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «ዛሬ ሠላሳ ሦስት ቀኗ ነው። ሱቅ ውስጥ እንደተቀመጠች ነው። ደም ግፊት ነው አሉን።»

ሠላሳ ሦስት! ተቀብራለች። ሦስተኛው ቀን ወጥቷል፣ ሰባተኛው ወጥቷል፣ ድንኳኑ ፈርሷል። አገር ሁሉ አልቅሶላት ወደ ቤቱ ገብቷል። የሰፈሬ ሴቶች ሲሬ ድረስ ሄደው ለእህቴ አልቅሰው፣ ሲመለሱ ጥቁራቸውን አውልቀው እኔን «እንዴት አደርሽ» ሲሉኝ ከርመዋል። አዳማ ሥልጠና የተባለው ቀብሯ ነው። እዚህ ያለው ሰው በሙሉ አልቅሷል፤ ያላለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ላንቺ ብለን ነው» አለኝ ባለቤቴ እያለቀሰ። «ክኒኑን ስትጨርሺ ልንነግርሽ ነበር።»

ክኒኑን ስጨርስ! በዕቅዱ እኮ ሰባት ወር ይቀረኛል! ሳቄ መጣ። በእንባዬ መሃል ሳቅኩ፤ መራራ ሳቅ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን አስተያየታቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት አይቼዋለሁ። አንዷ ባለቤቴን በክርኗ ነካችው። ጓዳ ገብቶ በአንድ እጁ ውሃ፣ በሌላው ግማሽ ክኒን ይዞ መጣ። ከታዘዘልኝ በላይ፣ ተጨማሪ ነው።

«ለዛሬ ብቻ» አለኝ ተንበርክኮ። «እንድትረጋጊ።»

«ውሰጂው እህቴ፣ ለኛ ስትይ» አሉ ሴቶቹ።

አየሁት። ክፉ ሰው አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ እንደገና አልጋ ውስጥ እንዳልገባ ፈርቶ ነው። አንጀቴን በላኝ። ግን ምሬዋለሁ ማለት አይደለም።

«ሐኪሙ የተደበቀ ነገር አለ ወይ ሲልህ፣ የለም ያልከው ቀን» አልኩት፣ «እህቴ ሞታ ስንት ቀኗ ነበር?»

ጆሮው አልቀላም። ፊቱ ነው የገረጣው።

«አሥራ አንድ» አለ።

«እና ክኒን ሲጨምሩልኝ አጠገቤ ተቀምጠህ አየህ።»

ውሃውን ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ጉሮሮዬ በጩኸት ደርቆ ነበር። ክኒኑን መዳፉ ላይ ተውኩለት።

«የዛሬዬን በሰዓቱ እወስዳለሁ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን አልዘልም። ሐኪሙም ጋ አብረን ሄደን ራስህ ነህ የምትነግረው። ይቺ ግማሽ ግን ለፈራኸው ላንተ ናት። እኔ አላመመኝም፤ እህቴ ሞታብኝ ነው። አሁን ተነስና መኪና ፈልግልኝ፣ ሲሬ እሄዳለሁ።»

መዳፉን ክኒኑ ላይ ጨበጠ። ከዚያ ተነስቶ ጫማውን አደረገና መኪና ፍለጋ ወጣ።